ለበረዶ መዛኟ ምርቃት

ይድረስ ለእናቴ ምትክ፣ ለእትዬ አየለች።

እንደምን ከርመሻል እትዬ? ያ ጉልበትሽ ከዳገቱ ጋር ታረቀ ወይስ አሁንም እንደተኳረፉ ናቸው? ጋሽ ይገዙን ሳሉ ተዋቸው ወይስ አሁንም እንቅልፍ ይነሳችኋል? ጉሙስ ዘንድሮም ከጣርማ በር እየወረደ ደጃችሁ ላይ ይተኛል? ላሚቱ በደህና ተገላገለች? ይህን ሁሉ የምጠይቅሽ ለደብዳቤ ወግ ብዬ አይደለም፤ የእያንዳንዱን መልስ ስለምፈልገው ነው። እኔ፣ ባለቤቴ ጸዳለና ልጃችን ትህትና፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ብርዱ ቢጠናብንም ቤታችን ይሞቃል፤ ሥራችንም አልጎደለብንም።

ነገሩን በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን የእኔንና የአንቺን ስልክ ታውቂዋለሽ። እኔ ገና «ትህትና» ስል አንቺ «አይሆንም» ትያለሽ፤ እኔም «እሺ እትዬ» ብዬ፣ ስለ ጤና ጠይቄ እዘጋለሁ። ደብዳቤን ግን መሀል ላይ የሚያቋርጠው የለም። ስለዚህ ቴዎድሮስ የሚባል የሥራ ባልደረባዬ ሚስት ሊያገባ ወደ አገር ቤት ሲመጣ ይህን አስይዤዋለሁ። መነጽርሽን አድርገሽ ራስሽ አንብቢው። ለልጅሽ ለበፈቃዱ አትስጪው፤ እሱ እየዘለለ ነው የሚያነብ።

ጉዳዩን ከሥሩ ላስታውስሽ። ትህትና ዘንድሮ ሃይስኩል ትጨርሳለች። የተቀበላት ኮሌጅ ያለው በዚህ አገር ምዕራብ ዳርቻ ነው፤ ከእኛ በአውሮፕላን ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ተራራው እግሩን ባሕር ውስጥ ነክሮ ራሱን በበረዶ የተከናነበበት አገር ነው ይላሉ። እዚያ ሄዳ ስለ በረዶና ስለ ደን መማር ትፈልጋለች። በብርዱ ወራት ባለሙያዎቹ ተራራው ላይ ይወጡና በረዶውን በረጅም ቱቦ እየወጉ አውጥተው ይመዝኑታል። ምን ያህል ውሃ እንዳዘለ አይተው፣ ሙቀት ሲገባ ከተማው ምን ያህል እንደሚጠጣ፣ ገበሬውም ምን ያህል እንደሚያጠጣ አስቀድመው ይናገራሉ። ይህን ስነግርሽ «በረዶ መዛኝ ብሎ ሥራ አለ? ፋርማሲ ገብታ መድኃኒት ብትመዝን ምን አለበት?» አልሽኝ። ጸዳለም ቃል በቃል ይህንኑ ነበር ያለችው፤ ተማክራችሁ እንደሆነ እስካሁን እጠረጥራለሁ። እኔም በልቤ ከእናንተው ጋር ነበርኩ። ልጅቷ ደግሞ አልተከራከረችም። «እቴቴ ካልመረቀችኝ አልሄድም» ብላ፣ አንቺን ማለቷ ነው፣ ቁጭ አለች። ለኮሌጁ መልስ መስጠት ያለባት እስከ ፋሲካ ማግሥት ነው።

እኔን ግን አንድ ነገር እረፍት ነሳኝ። ይህ ብርድ ከገባ ጀምሮ ልጅቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ከትምህርት ቤቷ የእግር ተጓዦች ክለብ ጋር ተራራ ትወጣለች፤ ሲመሽ ጫማዋ ጭቃ ለብሶ፣ አፍንጫዋ ቲማቲም መስሎ፣ ፊቷ ግን በርቶ ትመለሳለች። ምን ልታመጣ ነው የምትሄደው? እንጨት አትለቅም፣ ጸበል አትጠመቅ፣ ዘመድ አትጠይቅ። እንዲህ የሚያደርጉት ደግሞ እሷና ጓደኞቿ ብቻ አይደሉም። እኔ አርሊንግተን ያለው ኤርፖርት የፓርኪንግ አውቶቡስ ስነዳ፣ በዚህ ወራት ቁመቱ ሰው የሚያህል የበረዶ መንሸራተቻ ተሸክመው የሚሳፈሩ አሉ። ወዴት ነው ስላቸው ከዚህ ወደ ባሰ ብርድ ይሉኛል። እኛ ከብርድ ስንሸሽ እነሱ ከፍለው ይከተሉታል። በርግጥ እዚያ ላይ አንድ ነገር ቢኖር ነው አልኩ። ሳላይ «አይሆንም» ከምላት፣ አንድ ቀን አብሬያት ሄጄ ልየው ብዬ ቆረጥሁ።

ብቻዬን እንዳልሆን ጋሽ እንዳልካቸውን ያዝሁ። ጋሽ እንዳልካቸው የሚካኤል ማኅበራችን አንጋፋ ናቸው፤ እዚህ አሌክሳንድሪያ ታክሲ ሲነዱ ነው ፀጉራቸው የሸበተው። የመንዝ ሰው ናቸውና ተራራ ሲባል የሥጋ ዘመዳቸው የተጠራ ይመስላቸዋል። ትህትና በዋዜማው ደውላ «ጋሼ፣ ቡትስ አለዎት? ዋተርፕሩፍ የሆነ፣ ውሃ የማያስገባ?» ብትላቸው፣ «እኔ ገደል ስወጣ ስወርድ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ለእኔ ጫማ አትጨነቂ» አሏት። በማግሥቱም ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበትን ጥቁር የቆዳ ጫማ ወልውለው መጡ። ትህትና ጫማቸውን አየች፣ እኔን አየች፣ ወደ ቤት ተመልሳ ቦርሳዋ ላይ የሆነ ነገር ጨመረች። እኔ ደግሞ ጓዝሽ ዓመት ልትቆዪ የምትሄጂ ይመስላል ብዬ ሳቅሁባት።

ሸነንዶዋ የሚባለው የተራራ ፓርክ ከእኛ ቤት ሁለት ሰዓት ያህል ያስነዳል። መንገዱን ሙሉ ጋሽ እንዳልካቸው ከኋላ ወንበር ሆነው ስለ ፋርማሲ ጥቅም ሰበኩ። ፋርማሲስት ነጭ ጋውን ይለብሳል፣ ሙቅ ቤት ውስጥ ይቆማል፣ ሰው ያከብረዋል፤ በረዶ የመዘነን ግን ማን ያከብረዋል አሉ። ትህትና «እሺ ጋሼ፣ አይ ኖው ጋሼ» እያለች በመስኮት ታያለች። እንደ አባቷ ጨዋ ናት ብዬ ደስ አለኝ፤ ያንቺን ቁጣ አልወረሰችም።

እትዬ፣ እዚያ ያየሁትን አንቺም ብታዪው አፍሽን ይዘሽ ትቀሪ ነበር። ጉልበታቸው እንደ ብረት የሆነ ወጣቶች በሁለት እጃቸው ሁለት ከዘራ ይዘው ይሄዳሉ። አንቺ አንድ ከዘራ ያዢ ስትባዪ «አረጀሁ እንዴ» ብለሽ ስንቱን ተቆጣሽ። አሳንሰር ውስጥ ስታገኚው ዓይኑን ጣሪያ ላይ የሚሰቅለው ፈረንጅ፣ ተራራ ላይ ሲያገኝሽ ጥርሱን አሳይቶ ሰላም ይልሻል። ለምን እዚያ ላይ ብቻ? ይህን እስካሁን አልደረስሁበትም። ጋሽ እንዳልካቸው በጣም ደስ ብሏቸው ቆባቸውን እያነሱ ቆም ይላሉ፣ ከየት እንደመጡ፣ ወላጆቻቸው ደህና እንደሆኑ ሊጠይቁ። ሰዎቹ ግን ሰላም ብለው አልፈዋል። ስንቃቸው ደግሞ ለውዝና ዘቢብ በላስቲክ ከረጢት ነው፤ እየሄዱ ይቆረጥማሉ። ቆሎ ነው በይኝ። የደብረ ሲናን ቆሎ ቢቀምሱ ምን ሊሆኑ ነው አልኩ በልቤ።

ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ቆሟል። እኔ በብርዱ ወራት ዛፍ የሚሞት ነበር የሚመስለኝ፤ ይህን ያህል ዘመን እዚህ ስኖር ጠጋ ብዬ አይቼው አላውቅም። ትህትና አንዱን ቅርንጫፍ ዝቅ አድርጋ ጫፉን አሳየችኝ። የስንዴ ፍሬ የምታህል ነገር አለች። የሚመጣው ወቅት ቅጠል እሷ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ የድሮው ሳይረግፍ ነው አዲሱ የተሠራው አለችኝ። በጥፍሬ ልከፍታት ስል እጄን መታ አደረገችው። ከገደሉ የሚንጠባጠበው ውሃ እንደ ጧፍ ተንጠልጥሎ ረግቷል፤ ጋሽ እንዳልካቸው አንዱን ሰብረው ቀመሱት። የመንገዱን ድንጋይ ማን እንደደረደረው፣ ድብ በዚህ ወራት የት እንደሚተኛ፣ ተኝቶስ ምን እንደሚበላ ጠየቅኋት። ለሁሉም መልስ አላት፤ የማታውቀውንም «አይ ዶንት ኖው፣ አባ» ትላለች፣ አታፍርም።

ጫፍ ላይ ስንደርስ አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ከታች ወደ ምዕራብ ሜዳው ተዘርግቷል፣ በመሀሉ ወንዝ ይጠማዘዛል። ያ ውሃ ዞሮ ዞሮ ፖቶማክ ወንዝ ገብቶ በእኛ ሰፈር አጠገብ እንደሚያልፍ፣ ከዚያም ባሕር እንደሚገባ ነገረችኝ። እኔ በየቀኑ ዳር ዳሩን የምነዳበትን ወንዝ ከየት ነው የምትመጣ ብዬ ጠይቄው አላውቅም ነበር። ከዚያ ስለዚያ ስለ ምዕራቡ አገር አወራችኝ። «አባ፣ ማውንተኑ እኮ እንደ ጎተራ ነው፣ ዩ ኖው? ክላውዱ ከባሕሩ ይመጣል፣ ማውንተኑ ይይዘዋል፣ ስኖው አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሙቀት ሲመጣ ቀስ እያለ ይሰጣል። ጎተራው ውስጥ ስንት እንዳለ ማወቅ ነው የምፈልገው» አለች። ጎተራ የምትለውን ቃል የተማረችው ካንቺ ነው፣ በስልክ። ጠዋት በረዶ ላይ ሄደህ፣ ከሰዓት ባሕሩ ዳር ዓሣ ነባሪ ሲተነፍስ ታያለህ አለችኝ። ማየት አማረኝ፤ አልደብቅሽም።

ከዚያ ጉም መጣ። እንደ ጣርማ በር ጉም ሳይጠራ የሚመጣ ነው። አስከትሎ እርጥብ በረዶ መጣል ጀመረ። እዚያ ፓርክ መንገዱ የሚታወቀው ዛፎቹ ላይ በተቀባ ሰማያዊ ቀለም ነው፤ በረዶው ግንዱ ላይ እየተለጠፈ ቀለሙን ሸፈነው። ትህትና በጓንቷ ግንዱን እየጠረገች፣ ቀለሙን እየፈለገች ቀስ ብላ ትሄዳለች። ለጋሽ እንዳልካቸው ይህ አልተዋጠላቸውም። «መንገድ በእግር እንጂ በቀለም አይታወቅም» አሉ። በግራ በኩል ቁልቁል የሚወርድ፣ ጠበብ ያለ፣ ግን በደንብ የተረገጠ መንገድ አዩና፣ «ይኸው፤ ይሄ ሰው ቤት ያደርሰናል። እሳት ሞቀን፣ አቅጣጫ ጠይቀን እንሄዳለን» አሉ።

እኔም ልክ ናቸው አልኩ። አንቺም ብትሆኚ ልክ ናቸው ትይ ነበር። እኛ አገር የተረገጠ መንገድ ሁሉ ወይ ሰው ደጅ፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን፣ ወይ ውሃ ያደርሳል። ትህትና «ጋሼ፣ እዚህ የሚኖር ሰው የለም። ይሄ ዲር ትሬይል ነው፣ የአጋዘን መንገድ» አለች። ደግማም አለች። እኔ «ታላቅ ሲናገር ዝም በዪ» አልኳት። ዝም አለች፤ ከኋላችንም ተከተለች።

መንገዱ እየጠበበ ሄዶ፣ እሾህ ቁጥቋጦ ሥር እየሾለከ፣ አንዲት ጎድጓዳ ውስጥ ጥሎን ጠፋ። ቤት የለም፣ ጭስ የለም፣ የሚጮህ ውሻ የለም። አጋዘኖቹ ግን ነበሩ። በረዶው ዙሪያውን ሁሉ ሲሸፍን እነሱ የተኙበት ቅጠል ደርቆ፣ ተደልድሎ፣ ልክ በአካላቸው መጠን ቅርጽ ይዟል። ማን ላካችሁ በሚል ዓይን አዩንና ተነሥተው ሄዱ። ትህትና ጎንበስ ብላ መኝታውን በእጇ ነካችው፤ «ንካው አባ፣ ይሞቃል» አለችኝ። ነካሁት፣ ይሞቃል። በዚያ ብርድ መሀል የሌላ ፍጥረት ሙቀት እጄ ላይ ሲቀር የተሰማኝን በደብዳቤ ልጽፍልሽ አልችልም። ጋሽ እንዳልካቸው «እንግዲህ ሰው ቤት ደርሰናል፤ ባለቤቶቹ ግን ወጥተዋል» አሉ፤ ሁላችንም ሳቅን።

ሳቁ አልቆየም። የጋሽ እንዳልካቸው ጫማ ውሃ ጠጥቷል፣ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ስኳር እንዳለባቸው አውቃለሁ፤ «ጣቶቼ አይሰሙኝም» ሲሉ ስልኬን አወጣሁ። ስልካችን አይሠራም። እሳቸው ግን አሁንም ቁልቁል እንሂድ ነው የሚሉት፤ ከታች የወንዝ ድምፅ ይሰማል፣ ወንዝ ደግሞ ሰው አያጣም አሉ። አንድ እግራቸውን ሲያነሡ ትህትና ዞራ ከፊታቸው ቆመች። «ኖ፣ ጋሼ። አንሄድም» አለች። ይህች ልጅ ለታላቅ ሰው «አይሆንም» ስትል ሰምቻት አላውቅም። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ታች ገደል ነው፣ ዋተርፎል፣ ፏፏቴ አለ። የመጣንበት ዱካችን ገና ይታያል፤ በእሱ ነው የምንመለሰው። መጀመሪያ ግን እግርዎ» አለች። እኔም ዝም በዪ ልላት አፌን ከፈትሁና መልሼ ዘጋሁት።

የወደቀ ግንድ ላይ አስቀመጠቻቸው። በረዶው ላይ ተንበርክካ ጫማቸውን ፈታች፣ የራሰውን ካልሲ አወለቀች፣ እግራቸውን ከአንገቷ ባወለቀችው ሻርፕ አደረቀች፣ በሁለት እጇ መሀል ይዛ አሞቀችው። ከዚያም ከሳቅሁበት ቦርሳ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አውጥታ አጠለቀችላቸው፣ በላዩ የላስቲክ ከረጢት፣ በላዩ ጫማቸውን። አንቺ ወጉን ታውቂዋለሽ፤ እግሩን የታጠበ ሰው ሳይመርቅ አይነሣም። እሳቸውም ሳያስቡት ጀመሩ። «የረገጥሽው ይለምልም። እግርሽን እንቅፋት አይንካው። ዳገቱ ሜዳ ይሁንልሽ። በሄድሽበት አገር ሰው አትጪ። ሚካኤል ከፊትም ከኋላም ይሁንሽ» አሉ። ትህትና አሜን፣ አሜን እያለች ጫማቸውን አሰረች። ስትጨርስ ቀና ብላ «ጋሼ፣ የት ነው የምሄደው?» አለቻቸው። ጥቂት አሰቡና «ልሂድ ያልሽበት ነዋ» አሏት። ወደ እኔ ዞረውም፣ «ዋለልኝ፣ እንግዲህ አንዴ ከአፌ ወጥቷል። ምርቃት እንደፈሰሰ ውሃ ተመልሶ አይታፈስም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ፋርማሲ አንድ ቃል አላነሡም።

ስንመለስ እሷ ከፊት፣ ጋሽ እንዳልካቸው ከመሀል፣ እኔ ከኋላ ሆንን። እሷ በረገጠችበት እየረገጥን ወጣን። በየግንዱ ቆም ብላ ትጠርጋለች፤ ሰማያዊው ቀለም ብቅ ሲል ዞር ብላ ደርሰን እንደሆን ታያለች። እትዬ፣ ፈራሁ። የፈራሁት መንገድ መጥፋቱን አይደለም፣ ያኔ መንገዱ ተገኝቷል። እኔ ልመራት ወደማልችልበት ቦታ ልትሄድ እንደሆነ አየሁ። ኮራሁም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ እኔ አለቀስሁ፣ ሲያዩኝ በረዶ ነው ብዬ ጠረግሁት።

ቤት ስንገባ ጸዳለ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እንደምትሠራ ታውቂያለሽ፣ የጋሽ እንዳልካቸውን እግር አገላብጣ መረመረች። ደህና ነው፤ ማን እንዲህ ደርሶልዎት ነው ስትል ወደ ትህትና ጠቆሙ። ጸዳለ ሾርባውን አቅርባ ስትጨርስ፣ «እሺ፣ ትሂድ። ግን ቀሚስ የሚባል ነገር ቢያንስ አንድ ትያዝ» አለች። እኔም እሺ አልኩ።

የቀረሽው አንቺ ነሽ። ትህትና ካልመረቅሻት አልሄድም ያለችው ለማስፈራራት አይደለም፤ ታደርገዋለች። ትቀራለች፣ ፋርማሲ ትገባለች፣ አንድም ቀን አታማርርም። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው አለማማረሯ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁና።

እናታችን ስትሞት እኔ ገና ጡት የጣልሁ ነበርሁ። አንቺ ደብረ ብርሃን ሄደሽ ለመምህርነት ልትማሪ ተመርጠሽ፣ ጓዝሽ ተሸክፎ በሩ ሥር ተቀምጦ እንደነበር ጎረቤቶቻችን ነግረውኛል። አባባ «ሕፃኑን ማን ያሳድገዋል? ዳገቱን አታልፊም» አሉሽ፤ አንቺም ጓዝሽን ፈታሽ። እኔ የጠገብሁት፣ የተማርሁት፣ እዚህ የደረስሁት አንቺ ያን ዳገት ስላላለፍሽ ነው። ሲቆጭሽ ሰምቼ አላውቅም። ነገር ግን አመሻሽ ላይ ደጅ ቆመሽ፣ ወደ ጣርማ በር የሚወጣውን አውቶቡስ ጉሙ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ታዪው ነበር። ምን እያየሽ ነው ስልሽ፣ ምንም ትዪኛለሽ። እኔ በአንቺ መቅረት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ሌላዋን ቅሪ የምልበት አፍ የለኝም። ያኔ አንቺን ሂጂ ያለሽ አልነበረም። ለእሷ አንቺ በያት።

ጋሽ ይገዙን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ለሳላቸው የሚሆን መድኃኒት ቴዎድሮስ ይዟል። በፈቃዱን ደብዳቤው ስላልተሰጠው እንዳያኮርፍ ንገሪው። ምራትሽን ወይንሸትን፣ የልጅ ልጅሽን ብሩህን ዓይናቸውን ሳሚልኝ። ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በዪልኝ። ጸዳለ ትስምሻለች። ጋሽ እንዳልካቸው ባያውቁሽም፣ የሱፍ ካልሲያቸውን እንዳደረጉ ከመንዝ ለደብረ ሲና ሰላምታ ብለዋል። ትህትና እጅሽን ትስማለች። አንድ ጥያቄም አላት፤ ሰው ሲመረቅ የሚደረገው እንትፍ እንትፍ በስልክ ይደርሳል ወይ ትላለች። እኔ አላውቅም አልኳት። ቴዎድሮስ ከደረሰ በኋላ ባለው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ እንደውላለን፤ ስልኩን የምትይዘው እሷ ናት።

ወንድምሽ ዋለልኝ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
የካቲት 6 ቀን 2003 ዓ.ም.